ሙጫ የማይዘው፣ ክንፉ የሚታጠፈው የፕላስቲክ አውሮፕላን

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ለማስታወቂያ ሰሌዳ ከሚሆነው ርካሽ ባለ ቦይ ፕላስቲክ በሪሞት የሚበር የኮምባት አውሮፕላን ሠራሁ። ሰሌዳው 4 ሚሊ ነው። ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 1.2 ሜትር፣ ከፊት ወደ ኋላ 30 ሴንቲ ነው። ሁሉም ነገር ሲገባበት 2 ኪሎ መጣ። መነሳቱን ተነሳ፣ ግን አይዞርልኝም። ጠበቅ አድርጌ ላዙረው ስል ይገለበጥና ይወድቃል። ሙጫው ወዲያው መላቀቅ ጀመረ። በመጨረሻም ቁልቁል ከወረደበት ቀና ሳደርገው ክንፉ መሃሉ ላይ ታጠፈ። የቱ ጋ ነው የተበላሸው? ፎም ይሻለኝ ነበር?»

ፕላስቲኩ ጥፋት የለበትም። ኮሮፕላስት በሚባለው በዚሁ ሰሌዳ የተሠሩ አውሮፕላኖች ሲበሩና ሲጋጩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሦስት የተለያዩ ችግሮች ያጋጠሙህ ይመስልሃል። ምንጫቸው ግን አንድ ነው። አውሮፕላኑን «ምንም ቢመጣ እንዳይሰበር» ብለህ ነው የሠራኸው። የኮምባት አውሮፕላን በዚህ ሐሳብ አይሠራም። የት ጋ እንደሚሰበር አስቀድሞ ይመረጣል። የሚሰበረው ነገር ርካሽ ይሆናል። ሜዳ ላይ ቁጭ ብለህ ቀይረኸው ለሚቀጥለው ዙር ትደርሳለህ። የቀረው ሁሉ ክብደቱ ቀላል መሆን አለበት።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልበል። ኮምባት ሲባል መጋጨት ግቡ አይደለም። እያንዳንዱ አውሮፕላን ከጭራው ላይ ረጅም የክሬፕ ወረቀት ጥብጣብ ይጎትታል፤ 9 ሜትር አካባቢ የሚሆን የተለመደ ነው። ነጥብ የሚገኘው የሌላውን ጥብጣብ በፕሮፔለር ወይም በክንፍ በመቁረጥ ነው። ግጭቱ የሚመጣው ሁሉም አንድ ጥብጣብ ላይ ሲረባረብ ነው። ስለዚህ የሚያሸንፈው ከሁሉ ጠንካራው ሳይሆን ጠበብ አድርጎ የሚዞረውና ከወደቀ በኋላ ተመልሶ የሚነሳው ነው።

ከክብደቱ እንጀምር፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። የክንፍህ ስፋት 1.2 በ0.3፣ ማለትም 36 ስኩዌር ዴሲሜትር ነው። 2,000 ግራም ለ36 ስታካፍለው እያንዳንዱ ዴሲሜትር ወደ 55 ግራም ይሸከማል። ለኮምባት እኔ የምፈልገው 35 አካባቢ ነው፤ በጠቅላላው 1.3 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። አየር ላይ ግን ሌላ ነው።

አንድ ክንፍ ማንሳት የሚያቅተው ፍጥነት፣ ስቶል የምንለው፣ ከዚህ ጫና ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ ያድጋል። በ35 ግራም አውሮፕላንህ በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ ይታገሥሃል። በ55 ግራም 34 ላይ ይለቅቅሃል። ይህ ቀጥ ብሎ ሲበር ነው። ጠበቅ ያለ ዙር ውስጥ ስትገባ ክንፉ የሚሸከመው ይባዛል። 4 ጂ፣ ማለትም የክብደቱን አራት እጥፍ፣ የሚጠይቅ ዙር ከሆነ የስቶል ፍጥነቱ በእጥፍ ይጨምራል። ቀላሉ በ54 የሚዞረውን ዙር የአንተው በ68 ካልሆነ መዞር አይችልም። «ይገለበጥና ይወድቃል» ያልከው ይኸው ነው፤ የሪሞቱን ዱላ ስትጎትት አንደኛው ክንፍ ቀድሞ ስቶል አደረገ። ከዚህ በላይ ደግሞ ክንፉ የሚችለው የመጨረሻው ጠባብ ዙር ሬዲየስ ከጫናው ጋር እኩል ያድጋል። ስለዚህ በ55 ግራም የምትዞረው ክብ በ35 ግራም ከሚዞረው ከግማሽ በላይ ይሰፋል። በእንዲህ ዓይነት አውሮፕላን ማንንም ከኋላ አትይዝም።

የምትበረው ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ላይ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። እዚያ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ወደ 18 በመቶ ይሳሳል፤ የስቶል ፍጥነቱም ወደ 10 በመቶ ከፍ ይላል። ፕሮፔለሩም የሚይዘው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል። ዝቅተኛ ቦታ ላይ «ከባድ ግን ይበራል» የሚባል አውሮፕላን ደጋ ላይ አይበርም ብትል ይሻላል።

ታዲያ ክብደቱ ከየት መጣ? መጀመሪያ ከሰሌዳው። 4 ሚሊው በአንድ ስኩዌር ሜትር ከ700 እስከ 900 ግራም ይመዝናል። 2 ሚሊው 300 እና 350 መካከል ነው። ክንፍህ ላይና ታች ሲቆጠር 0.72 ስኩዌር ሜትር ይበላል። በ4 ሚሊ ይህ ብቻውን ከግማሽ ኪሎ በላይ ነው። በ2 ሚሊ 250 ግራም አካባቢ ይሆናል። ቆርጠህ ሳትጀምር አንድ ቁራጭ ሚዛን ላይ አስቀምጥ፤ አምራቾች ይለያያሉ። 4 ሚሊውን አትጣለው። ለሞተሩ አካባቢና ለባትሪው ሳጥን ያስፈልግሃል። ክንፍና ጭራ ግን በ2 ሚሊ ይሠራ።

ጭራው ላይ በተለይ ጨክን። ከክብደት ማዕከሉ በጣም ስለሚርቅ፣ እዚያ የጨመርከው 10 ግራም አፍንጫው ላይ 20 ወይም 30 ግራም እርሳስ ያስጭንሃል። ብዙ ሰው ጭራውን በፕላስተር ይጠቀልልና ከዚያ አፍንጫው ላይ ብረት ሲያስር ይውላል።

አሁን ወደ ሙጫው። ይህ ሰሌዳ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ፖሊፕሮፒሊን ፈሳሽ ነገር ገላው ላይ እንዲዘረጋ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ሙጫ ከላዩ ላይ ይደርቃል እንጂ አይይዘውም። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ብቻውን አይጠቅምም፤ ችግሩ ልስላሴው ሳይሆን የፕላስቲኩ ኬሚስትሪ ነው። ለኅትመት ተብሎ ፋብሪካ ላይ ገጹ በኤሌክትሪክ ብልጭታ የታከመ ሰሌዳ አለ። ያም ቢሆን ሕክምናው መጋዘን ውስጥ እየቆየ ይደክማል።

መፍትሔው እሳት ነው። በደንብ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚጣበቀውን ቦታ በአልኮል ጠርገህ ሙሉ በሙሉ አድርቅ። የአልኮሉን ጠርሙስ ክዳኑን ዘግተህ ራቅ አድርገው። ከዚያ ደጅ ወጥተህ የጋዝ ችቦ ለኩስ። የሰማያዊው ነበልባል ጫፍ ሰሌዳውን ለጥቂት ነክቶ እንዲያልፍ አድርግና በፍጥነት ጥረገው። እጅህ አይቁም። ፕላስቲኩ ካብረቀረቀ ወይም ከተኮማተረ ዘግይተሃል። መልኩ ካልተለወጠ ደግሞ አልሠራም ብለህ አትድገመው፤ ሲሠራም ምንም አይታይም።

እንዴት ታውቃለህ? ውኃ ጠብ አድርግበት። ያልታከመው ላይ ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ይቆምና ሰሌዳውን ስታዘነብለው ተንከባሎ ይሄዳል። የታከመው ላይ ይዘረጋል፤ ስስ ሆኖ ይተኛል፤ ብታዘነብለውም ፈለጉ ይቀራል። ወሰኑ በዓይን ይለያል፤ እሳት የነካውና ያልነካው ቦታ በመስመር የተከፈለ ያህል ነው። አድርቀውና ሳይውል ሳያድር አጣብቅ። ወፈር ያለው ሱፐር ግሉ ጥሩ ይይዛል። ሁለቱም ገጽ መታከም አለበት፤ አንዱን ብቻ ማከም ትርፉ ድካም ነው። የእሳት ሥራ ካልተመቸህ ለፖሊፕሮፒሊን ተብሎ ከሱፐር ግሉ በፊት የሚቀባ ፈሳሽ አለ፤ እሱም ይሠራል። የሚቀልጠው ዱላ ሙጫ፣ በሽጉጥ የሚወጣው፣ ለጊዜው ይይዛል። ግን ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይም ይለሰልሳል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የራሴን አቋም ልንገርህ። ጭነት የሚሸከም መጋጠሚያን ለሙጫ ብቻ አልሰጥም። ሙጫው ቦታውን ያስይዝልኝ፤ የሚሸከመው ግን ማሰሪያና ብሎን ይሁን። ጥርስ ያላቸው የፕላስቲክ ማሰሪያዎች፣ ኬብል ታይ የምንላቸው፣ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ። በካውያ ጫፍ ሁለት ቀዳዳ ትበሳለህ። ቀዳዳው ዙሪያውን ቀልጦ ጠርዝ ስለሚሠራ አይቀደድም። ብሎን ስትጠቀም ደግሞ ከሁለቱም በኩል ሰፊ ሮንዴላ አድርግ። ሮንዴላ የሌለው ብሎን ቦዩን ይደፈጥጥና ሰሌዳውን በልቶ ይወጣል። ዳዶውን አጥብቀህ ፕላስቲኩ መጎድጎድ ሲጀምር አቁም።

ክንፉ የታጠፈው በሌላ ምክንያት ነው። ሰሌዳው ወፍራም ስለሆነ ክንፉን ይሸከማል ብለህ አስበሃል። ፖሊፕሮፒሊን ግን ለስላሳ ነገር ነው፤ ተመሳሳይ ቅርጽ ካለው ደህና እንጨት ጋር ሲወዳደር ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይበልጥ ይለጠጣል። አውሮፕላኑን ቀና ስታደርገው የክንፉ ጫፎች ወደ ላይ ይጎተታሉ። የላይኛው ገጽ ይጨመቃል። ስስ ፕላስቲክ ሲጨመቅ አይሰነጠቅም፤ ይጎብጣል። አንዴ ከጎበጠ ክንፉ አለቀ። የአንተም መሃሉ ላይ የታጠፈው ለዚህ ነው፤ የማጣመሙ ኃይል የሚበረታው እዚያ ነው።

ስለዚህ ወጋግራ፣ በክንፉ ውስጥ ከጫፍ ጫፍ የሚሄድ ተሸካሚ፣ ያስፈልገዋል። ሰሌዳው ለአየሩ ቅርጽ ይስጥ፤ ሸክሙን እንጨት ይሸከም። ርካሹ መንገድ ቋጠሮ የሌለው ቀጥ ያለ የጥድ ጣውላ ነው፤ 25 በ6 ሚሊ ይበቃል። ግን በጠርዙ ይቁም። ያው እንጨት ሲቆም ከተኛበት 17 እጥፍ ይደነድናል። ለምን ብትል፣ ጥንካሬው በቁመቱ ሦስተኛ ፓወር ስለሚያድግ ነው። አስተኝተው የሚያስገቡት ሰዎች እንጨቱን ተሸክመውት ነው የሚበሩት። የካርበን ቱቦ ካገኘህም 10 ሚሊ ውጭ፣ 8 ሚሊ ውስጥ የሆነው ይሠራል። ቀለል ይላል። ሲሰበር ግን እንደ መርፌ ስለሚሰነጣጠቅ በባዶ እጅ አትሰብስበው።

ወጋግራው ከፊት ጠርዙ ወደ ኋላ ከክንፉ ስፋት አንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀመጥ፤ ክንፉ የሚወፍረው እዚያ ነው። መሃል ላይ በማሰሪያ ከላይና ከታች ሰሌዳ ጋር እሰረው። ጫፎቹ ላይ ግን አትጠርንፈው። ምክንያቱ ሙቀት ነው። ይህ ፕላስቲክ ሲሞቅ ይረዝማል። 1.2 ሜትሩ በ30 ዲግሪ ልዩነት ከ4 እስከ 5 ሚሊ ይጨምራል። እንጨቱ እዚህ ግባ የሚባል አይለወጥም። ሁለቱም ጫፍ ላይ ከተጠረነፉ ሰሌዳው መሄጃ ያጣና ይጎብጣል። ጥዋት ቀጥ ያለ ክንፍ እኩለ ቀን ላይ ተጣሞ ያገኘ ሰው አናጺውን ይረግማል። ከእንጨቱ ጫፍ ሦስት ሚሊ ያህል ክፍተት ተው። ጥቁር ሰሌዳ አትምረጥ፤ ፀሐይ ይጠጣል።

ቦዮቹ የሚሄዱበት አቅጣጫም ወሳኝ ነው። ክንፉ ላይ ቦዮቹ ከጫፍ ወደ ጫፍ ይሂዱ። እንዲህ ሲሆን ሰሌዳው በቁመቱ ይጠነክራል፤ በስፋቱ ግን በቀላሉ ይታጠፍልሃል። የፊት ጠርዙን የምትሠራው አንዱን ረጅም ሰሌዳ በማጠፍ ነው። ከውስጥ በኩል ያለውን ቆዳ ብቻ ሁለት ወይም ሦስት አጎራባች ቦዮች ላይ ሰንጥቅ። የውጪው ሳይነካ ዞሮ ይታጠፋል። ክብ አፍንጫ ይሰጥሃል፣ መጋጠሚያም የለውም። ከፊት የሚመጣውን ምት የሚቀበለው ይህ ጠርዝ ስለሆነ ያለ ስፌት መሆኑ ትልቅ ነገር ነው።

አንዱን ቆዳ ብቻ መቁረጥ የሚያስፈራ ይመስላል። ዘዴው ቀላል ነው። የካተሩን ምላጭ በፕላስተር ጠምጥመህ 1 ሚሊ ጫፉ ብቻ እንዲወጣ አድርግ። ማስመሪያውን ከቦዩ ጋር አስተካክል፤ ግድግዳው ላይ ሳይሆን በሁለት ግድግዳ መካከል። አንዴ ብቻ ሳብ፣ አትጫን። በዚሁ ዘዴ የአይለሮንና የኤሌቬተር፣ ማለትም የክንፉና የጭራው ተንቀሳቃሽ ክፍሎች፣ ማጠፊያ ትሠራለህ። አንዱን ቆዳ ሰንጥቀህ፣ ከጎኑ ያለውን ቀጭን ንጣይ ላጥ አድርገህ አንሳ። ከዚያ እጥፍ ዘርጋ እያደረግህ አሠራው። መታጠፊያው ላይ ነጭ መስመር ብቅ ይላል። አትደንግጥ፤ ሊቀደድ ነው ማለት አይደለም። ፖሊፕሮፒሊን ሲታጠፍ ውስጡ ያሉት ረጃጅም ሞለኪውሎች የእጥፋቱን መስመር አቋርጠው ይሰለፋሉ፣ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ቢታጠፍም አይሰለችም። የጠርሙስ ክዳን አብሮት የተሠራ ማጠፊያ ሲኖረው ያው ፕላስቲክ ነው። ብረት ማጠፊያ ገዝተህ አትልፋ።

አካሉን በተመለከተ ብዙ አልጨነቅም። አንድ ባለ አራት ማዕዘን አሉሚኒየም ቱቦ፣ 12 ወይም 15 ሚሊ፣ ከሞተር እስከ ጭራ ይሂድ። ከፊት ለፊቱ 4 ሚሊ ሰሌዳ አጥፈህ የባትሪና የሪሲቨር (የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለው) ሳጥን ሥራለት። ቱቦው ቢጣመም በጉልበትህ ታቃናዋለህ። የማረፊያ ጎማ አያስፈልግም፣ ክብደት ነው። ራደርም፣ ጭራው ላይ የሚቆመው፣ ያለ ተንቀሳቃሽ ክፍል ይሁን። ኤሌቬተርና አይለሮን ይበቁሃል። በእጅ ይወረወራል፣ ሣር ላይ በሆዱ ያርፋል።

ክንፉን በጎማ ላስቲክ እሰረው። በብሎን ካሰርከው ደግሞ ናይለን ብሎን ይሁን። «የሚሰበርበት ቦታ ይመረጥ» ያልኩት ይህን ነው። ሌላ አውሮፕላን ክንፍህን ሲመታው ላስቲኩ ይለጠጥና ክንፉ ይንሸራተታል፤ ወይም ናይለኑ ይቆረጣል። ወጋግራውም ቱቦውም ይተርፋሉ። የብረት ብሎን አድርገህ ቢሆን ኖሮ ምቱ ሌላ መውጫ ይፈልግና ውዱን ነገር ይሰብራል። የሞተሩ መቀመጫ ኮምፔርሳቶ ይሁን፣ 4 ወይም 5 ሚሊ። እሱም በናይለን ብሎን ይታሰር።

ሞተሩ ከፊት ይሁን። ከኋላ የሚገፋ ፕሮፔለር ያላቸው ኮምባቶች አሉ፣ ፕሮፔለራቸውም በአፍንጫ ሲወድቁ ይተርፋል። ነገር ግን ስትወረውረው ጣትህ ከፕሮፔለሩ አጠገብ ነው። የራስህ ጥብጣብ ደግሞ ሊጠመጠምበት ይችላል። የሌላው ሰው ጥብጣብ ከፊት ፕሮፔለርህ ላይ ከተጠመጠመና ሞተሩ ከተያዘ ወዲያው ጋዙን፣ የሞተሩን ጉልበት የሚቆጣጠረውን ዱላ፣ ዝጋ። የቆመ ሞተር ላይ ጋዝ መስጠት የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ስፒድ ኮንትሮለር ያቃጥላል።

ጉልበቱን በተመለከተ የያዝከውን ሞተር መቀየር አያስፈልግህ ይሆናል። 3 ሴል፣ 2,200 ሚሊ አምፒር ሰዓት ሊፖ ባትሪ፣ 1,000 ኪ.ቪ (በአንድ ቮልት በደቂቃ 1,000 ዙር) አካባቢ የሆነ ሞተር፣ 40 አምፒር ስፒድ ኮንትሮለርና 10 በ5 ወይም 9 በ6 ኢንች ፕሮፔለር የተለመደ ጥምረት ነው። 300 ዋት ያህል ይሰጥሃል ብንል፣ በ2 ኪሎ ላይ ለእያንዳንዱ ኪሎ 150 ዋት ነው፤ ይህ ለሽርሽር ነው። በ1.3 ኪሎ ላይ 230 ይደርሳል፤ ለኮምባት ጥሩ ነው። አንዲት ሳንቲም ሳታወጣ ሞተርህን ያሳደግከው ያህል ነው። ፕሮፔለር ስትቀይር ግን የሚስበውን አምፒር ለካ፤ በግምት አይሆንም።

ባትሪው ላይ አንድ ምክር። አፍንጫው ጫፍ ላይ አታስቀምጠው። አውሮፕላኑ በአፍንጫው ሲወድቅ ከኋላው ያለው ሁሉ በባትሪው ላይ ይመጣል። ወደ ክንፉ ፊት ጠርዝ ጠጋ ይበል፣ ከፊቱም ወፍራም ስፖንጅ ይኑር። ከከባድ ግጭት በኋላ ሊፖውን ወዲያው ወደ መኪና ወይም ወደ ቦርሳ አትመልሰው። የሚቃጠል ነገር የሌለበት ቦታ አስቀምጠውና ግማሽ ሰዓት ያህል ተመልከተው። ካበጠ ወይም ከተጎዳ በቃ፣ አይሞላም።

የክብደት ማዕከሉ ከፊት ጠርዝ 25 በመቶ ላይ ይሁን፤ በ30 ሴንቲ ክንፍ ላይ 7.5 ሴንቲ ነው። ከለመድከው በኋላ ቀስ እያልክ ወደ 9 ሴንቲ ብትገፋው ይበልጥ ይቀለጥፋል። ከዚያ በላይ አትሂድ። ሰርቮዎቹ፣ አይለሮንና ኤሌቬተሩን የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች፣ 9 ግራሞቹ ይበቃሉ፤ አይለሮን ላይ ያሉት ጥርሳቸው ብረት ቢሆን እመርጣለሁ፣ ግጭት የሚጎዳው እነሱን ነው። ማንቀሳቀሻ ዘንጉ የብስክሌት ቸርኬ ሽቦ ቢሆን ከበቂ በላይ ነው። ለመጀመሪያው በረራ ኤሌቬተሩ ወደ ላይና ወደ ታች 10 ሚሊ፣ አይለሮኑ 12 ሚሊ ያህል ይንቀሳቀስ። ሪሞቱ ላይ 30 በመቶ ኤክስፖ፣ ዱላው መሃሉ አካባቢ ሲነካ ምላሹን የሚያለዝበውን ማስተካከያ፣ ጨምር።

ፎም ይሻል ነበር ወይ ላልከው፣ ኢ.ፒ.ፒ ከሆነ አዎ፣ ለመብረር ይሻላል። ይቀላል፣ ሲመታ ይነጥራል። ደግሞ ሥጋ ዘመዱ ነው፤ ኢ.ፒ.ፒ ማለት በአረፋ የተነፋ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ነጩ የማሸጊያ ፎም ግን ሌላ ነው፤ አንድ ግጭት ላይ ይበታተናል፣ ለኮምባት አይሆንም። ኢ.ፒ.ፒ በቀላሉ ካላገኘህ ኮሮፕላስት አያሳፍርህም። ዝናብ አይፈራም፣ ሣር ላይ ሲጎተት አይላላጥም፣ ሌላ ክንፍ ለመሥራት አንድ ከሰዓት ይበቃሃል። ብቻ ደጅ አታሳድረው። ፀሐይ ከቆየበት ገጹ ይነጣል፣ ከዚያ ይሰባበራል። ወደ ዜሮ ዲግሪ በሚጠጋ ብርድም ይደርቃል፤ በዚያ ቀን የሚደርስበት ምት ይሰነጥቀዋል።

ስለ አደጋው ሳልናገር አላልፍም። 1.3 ኪሎ የሚመዝን አውሮፕላን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲመጣ የሚይዘው ጉልበት ወደ 320 ጁል ነው። ይህ ከ25 ሜትር ከፍታ፣ ከስምንተኛ ፎቅ ገደማ፣ የተጣለ ያው ዕቃ ነው። የ2 ኪሎው 500 ይጠጋል። ጥብጣብ ሲያሳድድ ማንም አብራሪ መሬቱን አያይም። ስለዚህ የሚበርበት ክልልና ሰው የሚቆምበት ቦታ በመስመር ይለያል፤ ተመልካች ከመስመሩ ኋላ ይቆማል፤ አብራሪና ዳኛ ሄልሜት ያደርጋሉ። ያለህበት አገር ሕግ ስለ ከፍታና ስለ ቦታ የሚለውንም ቀድመህ እወቅ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሪሲቨሩ ምልክት ሲያጣ ጋዙ ወደ ዜሮ እንዲወርድ አድርገህ አስተካክል። ፕሮፔለሩን አውልቀህ ሞተሩን ቀስ ብለህ አዙርና ሪሞቱን አጥፋ። ሞተሩ ካልቆመ ያ አውሮፕላን ሜዳ አይወጣም።

አሁን ካለህበት ብትጠይቀኝ፣ የተሰበረውን ክንፍ አትጠግን። ሞተሩን፣ ሰርቮዎቹንና ኤሌክትሮኒክሱን አውልቀህ አስቀምጥ። በ2 ሚሊ አዲስ ክንፍ ሥራ፣ ወጋግራውን አቁም፣ ከዚያ ሳትወረውረው በፊት ቤት ውስጥ ፈትነው። ሁለት ወንበር አራርቀህ ክንፉን በትክክለኛ አቀማመጡ፣ ሆዱ ወደ ታች ሆኖ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ላይ ብቻ እንዲያርፍ አድርግ። የሚያርፈው ወጋግራው ያለበት መስመር ይሁን። መሃሉ ላይ ቀስ ብለህ 6.5 ኪሎ ጫንበት፤ ውኃ የያዙ ጠርሙሶች በቂ ናቸው። ይህ ከ1.3 ኪሎው አውሮፕላን አምስት እጥፍ ነው። ነገር ግን ድጋፉ ጫፍ ላይ ስለሆነ መሃሉ ላይ የሚፈጥረው ጫና አየር ላይ 10 ጂ ከሚፈጥረው ጋር እኩል ነው። በረራ ላይ ማንሻው በክንፉ ሁሉ ስለሚከፋፈል ነው ግማሹ የሚበቃው። ክንፉ ቢለምጥ ችግር የለም። የላይኛው ገጽ ላይ ሞገድ ካየህ ወይም እንጨቱ ሲንቋቋ ከሰማህ ወጋግራውን ለውጥ፤ ሰሌዳውን ለማወፈር አትሞክር። ጠርሙሶቹን ስታነሳ ቀጥ ብሎ ከተመለሰ ለውርወራ ደርሷል።